ፈተናው የመዘነው ማንን ነው?

በ1960 ዓ.ም የሞጣና የቢቸና ገበሬዎች በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ላይ ባመፁ ጊዜ ያስቆጣቸው የግብሩ መጠን ብቻ አልነበረም። ምርታቸውን ሊገምቱ የሚመጡት ሰዎች ማንን እንደሚያገለግሉ፣ ግምቱም ነገ በርስታቸው ላይ ምን እንደሚያስከትል አጥብቀው ጠይቀዋል። ዐመፁ በጦር ኃይል ቢመታም፣ መንግሥቱ በመጨረሻ ውዝፍ ግብሩን ለመተውና የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ለማንሳት ተገዷል። ከዚህ ታሪክ የሚቀሰመው ትምህርት ግልጽ ነው። ማናቸውም መለኪያ ከለካኙ ማንነትና ከልኬቱ ዓላማ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ይህ ለእህል ምርት እውነት ከሆነ፣ ለሰው ልጅ አእምሮ ይበልጥ እውነት ነው።

ዛሬ በዚያው አገር ልጆች ፊት የተዘረጋው መለኪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ኩረጃና የፈተና ስርቆት በመስፋፋቱ ምክንያት የ2014 ዓ.ም ፈተና ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች እንዲሰጥ ተደረገ። ወደ 900,000 ከሚጠጉት ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም 3.2፣ በ2016 ዓ.ም 5.4፣ በ2017 ዓ.ም ደግሞ 8.4 ከመቶ አለፉ። እነዚህ አኃዞች በተሰሙ ቁጥር በየመንደሩ የሚሰጠው ፍርድ ፈጣን ነው፤ «የዘንድሮ ልጅ ሰነፍ ነው» ይባላል።

ሆኖም አብሮ መነበብ ያለበት ሌላ አኃዝ አለ። በ2014 ዓ.ም ተማሪዎቻቸውን ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ በ1,161ዱ አንድም ተማሪ አላለፈም። የአንድ ተማሪ መውደቅ በስንፍና ሊተረጎም ይችል ይሆናል። የአንድ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ጎበዙም ደካማውም ሳይለይ በሙሉ ሲወድቁ ግን ምክንያቱ በልጆቹ ጠባይ ሊገለጽ አይችልም። በእርግጥ የተመዘነው ትምህርት ቤቱ ነው፤ መጻሕፍቱ፣ መምህሩ፣ ቤተ ሙከራውና የበጀቱ አከፋፈል ነው። ፍርዱ የተፈጸመው ግን በልጁ ላይ ነው። የጉዳዩ ዋና ቅራኔ እዚህ ላይ ይገኛል።

ለፈተናው የሚቀርበውን ክርክር አቃልሎ ማለፍ አይገባም። አንድ ወጥ ፈተና ባይኖር ኖሮ የዩኒቨርሲቲን በር የሚከፍተው ገንዘብ፣ ዝምድናና አማላጅ በሆነ ነበር የሚሉ ወገኖች የያዙት እውነት አለ። በግንቦት 2008 ዓ.ም የፈተናው ወረቀት አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው በመላ አገሪቱ መሰረዙ ይታወሳል፤ ያኔ የተጎዳው በሐቅ የተዘጋጀው ተማሪ ነበር። በአሜሪካም እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የመግቢያ ፈተናን ግዴታ ከማድረግ ከታቀቡ በኋላ፣ አንዳንድ ስመ ጥር ተቋማት ፈተናው ከደሃ ቤተሰብ የሚመጣውን ብሩህ ተማሪ ለመለየት ይረዳል በማለት መልሰውታል። ስለዚህ ጥያቄው ፈተና ይኑር ወይስ አይኑር የሚል አይደለም። አንድ ነጥብ ብቻውን የሰውን ዕድል ሊወስን ይገባዋልን? ነው።

ተጨባጩን ሁኔታ እንመልከት። ከቢቸና ወይም ከሞጣ ዙሪያ ገጠር የሚመጣ ተማሪ በከተማው ጠባብ ክፍል ከጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ ይኖራል። ቅዳሜና እሑድ በእግሩ ወደ ቤተሰቡ ተጉዞ የሳምንት ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። እንጨቱን ራሱ ይለቅማል፣ ወጡን ራሱ ይሠራል። በአማርኛ እያሰበ በእንግሊዝኛ ይፈተናል። በአዲስ አበባ የሚኖረው የባለ ሀብት ልጅ በበኩሉ ከትምህርት ሰዓት ውጭ አስጠኚ ይቀጠርለታል፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከኮምፒዩተር ጋር ኖሯል። ከ2016 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በከፊል በኮምፒዩተር መሰጠት ጀምሯል። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተስፋፋው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ የኢንተርኔት አገልግሎትም ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። እኩል ላልሆኑ ሰዎች እኩል ጥያቄ ማቅረብ በመልኩ እኩልነት ነው፤ በይዘቱ ግን ነባሩን ልዩነት በማኅተም ማጽደቅ ነው።

ሁለተኛው ጉዳት በትምህርቱ ይዘት ላይ የሚደርሰው ነው። ከአራት አማራጮች አንዱን ፊደል ማጥቆር የትምህርት ሁሉ ግብ ሲሆን፣ መምህሩ የሚፈተነውን ብቻ ያስተምራል፣ ተማሪውም ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች ይሸመድዳል። መጻፍ፣ መከራከር፣ መሞከር፣ በእጅ መሥራት ነጥብ ስለማያስገኙ ይረሳሉ። የጤፍን በሽታ ለይቶ የሚያውቅ፣ የተበላሸ የውኃ ፓምፕ ፈትቶ የሚገጥም ወጣት በዚህ ወረቀት ላይ ዕውቀቱን የሚያሰፍርበት ቦታ የለውም።

ወንፊቱ አዲስ አይደለም። በ1964 ዓ.ም የተዘጋጀው የትምህርት ዘርፍ ጥናት የአብዛኛውን ሕዝብ ልጆች በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ገትቶ ጥቂቶችን ብቻ ወደ ላይ እንዲያሳልፍ የታሰበ ነው በሚል በመምህራንና በወላጆች ዘንድ ብርቱ ተቃውሞ ገጥሞታል። በየካቲት 1966 ዓ.ም መምህራን ሥራ ካቆሙባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነበር። ያን ጊዜ በግልጽ ሲታቀድ የተወገዘው ነገር፣ ዛሬ ማንም ሳያቅደው በውጤት መልክ ሲፈጸም በዝምታ ሊታለፍ አይገባም።

ከአንድ ቀን ፈተና ሌላ መመዘኛ የለም የሚል ቢኖር፣ ወደ ዲማ ጊዮርጊስና ወደ ደብረ ወርቅ ይመልከት። በቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ የሚደርሰው በየዕለቱ ቆጥሮ፣ ለመምህሩ ነግሮ፣ ስሕተቱ እየታረመለት ነው። መምህሩ የሚመዝነው የተማሪውን የብዙ ወራት ሥራ ነው፤ ያልደረሰውም ወደሚቀጥለው ደረጃ እስኪበቃ ድረስ ይማራል እንጂ «ወደቀ» ተብሎ አይባረርም። ይህ ሥርዓት ለሴቶች ልጆች በአብዛኛው በሩን ዘግቶ የኖረና የራሱ ጉድለቶች ያሉት መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ማስተማርንና መመዘንን ያልነጣጠለ አሠራር በገዛ ምድራችን እንደነበረ ይመሰክራል።

ለዚህ የዘመናችን ማስረጃም አለ። ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ማለፊያ ነጥብ ካላመጡት መካከል የተሻለ ውጤት ያላቸው በዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት እንዲወስዱ ተደርጓል፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ዳግም ተመዝነው ትምህርታቸውን ቀጥለዋል። መጀመሪያ «ወደቁ» የተባሉት መምህርና መጽሐፍ ሲያገኙ መነሣት ከቻሉ፣ የመጀመሪያው ነጥብ የችሎታቸው ልክ አልነበረም ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የብሔራዊ ፈተናው ውጤት በጥንቃቄ ከተመረመረ የአራት ዓመት የትምህርት ቤት ውጤት ጋር ተዳምሮ ይታይ። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ከማንም አስቀድሞ መጽሐፍና መምህር ይሟላለት። የሙያ ማሠልጠኛዎች የወዳቂዎች መጣያ ተደርገው መታየታቸው ይቅር። የቀበሌ ነዋሪዎችና ሠራተኞችም ድርሻ አላቸው። በወላጅና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተገኝተው የትምህርት ቤታቸውን ጉድለት በቁጥር ይጠይቁ፤ የእድርና የቀበሌ አዳራሾችን ማታ ማታ ለተከራይ ተማሪዎች ማጥኛ ይክፈቱ።

በዚህ አገር የወደቀች ልጅ ብዙውን ጊዜ ወደ ትዳር ትገፋለች፤ የወደቀ ልጅ ዱላውን ይዞ ለቀን ሥራ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። የሚባክነው የእነርሱ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ የአገር ጉልበትና አእምሮም ነው። የሞጣና የቢቸና አባቶች ገማቹን «በምን ሚዛን? ለማንስ ጥቅም?» ብለው ጠይቀዋል። ይህንኑ ጥያቄ ስለ ልጆቻቸው ማንሣት የዛሬ ወላጆች ተራ ነው።