ስማቸው ስላልታወቀ የተዳቀሉ የእሳት ራት ኦርኪዶች፥ አለያየታቸውና በቤት ውስጥ አያያዛቸው

ከኦርኪድ ወገን መካከል በዛሬው ዘመን በየአገሩ ገበያ በብዛት የሚሸጠውና በየቤቱ ለጌጥ የሚቀመጠው የእሳት ራት ኦርኪድ ነው። ይህ ስም የተሰጠው አበባው ክንፉን የዘረጋ የእሳት ራት ስለሚመስል ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንትም ይህንኑ ትርጓሜ በግሪክ ቋንቋ ይዘው ፋላኖፕሲስ ይሉታል። ነገር ግን ከገበያ የሚገዛው ተክል አብዛኛውን ጊዜ ስም የለውም። ስለዚህ ገዢው ሁለት ጥያቄ ያነሣል፤ አንደኛው ስሙ ማን ነው የሚል፥ ሁለተኛውም እንዴት አድርጌ ላኑረው የሚል ነው። ለሁለቱም በየተራው መልስ እንሰጣለን።

ስለ ትውልዱ

የዚህ ተክል አገሩ ከሕንድና ከደቡብ ቻይና አንሥቶ በፊሊፒንና በኢንዶኔዢያ ደሴቶች በኩል እስከ ሰሜን አውስትራሊያ የሚደርሰው ሞቃትና እርጥብ ደን ነው። በዱር የሚበቅሉት ወገኖች ከ60 ይበልጣሉ። ፋላኖፕሲስ የሚለውን ስም ብሉሜ የተባለው ሊቅ በ1825 አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በገበያ የሚገኘው ግን የዱር ተክል ሳይሆን ሰው ለብዙ ትውልድ ሲያዳቅለው የኖረ ነው። የመዳቀሉም ነገር እንዴት እንደሚረጋገጥ የመጀመሪያው ታሪክ ያስተምራል። በ1853 ሊንድሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ ከፊሊፒን የመጣ አንድ ተክል ተመልክቶ ኢንተርሜዲያ ብሎ ሰየመው፤ በሁለት ወገኖች መካከል በዱር የተዳቀለ ሳይሆን እንዳልቀረም ገመተ። ግምቱ ግን ግምት ሆኖ ቈየ። ኋላ ጆን ሲደን የተባለው የቪች ተክል ቤት አትክልተኛ አፍሮዲቴንና ኤኩዌስትሪስን አዳቅሎ ዘሩን አሳደገ፤ በ1886 ባበበም ጊዜ ያንኑ ኢንተርሜዲያን የሚመስል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የሊቅ ዓይን እንኳ ያቀረበው ግምት ነበር፤ ማስረጃ የሆነው ወላጆቹ የታወቁ ልጅ ነው።

ስም ከመዝገብ እንጂ ከመልክ ስላለመገኘቱ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የተዳቀለን ኦርኪድ ስም ግን የሚያጸናው መዝገብ ነው። ሳንደር የተባለው የአበባ ነጋዴ የተዳቀሉ ኦርኪዶችን ዝርዝር በ1906 አሳተመ፤ ከ1961 ወዲህም መዝገቡን የሚጠብቀው በለንደን የሚገኘው የንጉሣዊ አትክልት ማኅበር ነው። በመዝገቡ የሰፈሩት ስሞች ከ100,000 ይበልጣሉ።

የመዝገቡ ሕግ እንዲህ ነው። የአንድ አባትና የአንድ እናት ዘር የሆኑ ሁሉ፥ አንዱ ነጭ ሌላው ሐምራዊ ቢሆን እንኳ፥ በአንድ የትውልድ ስም ይጠራሉ። በአንጻሩ ደግሞ ከተለያዩ ወላጆች የተወለዱ ሁለት ተክሎች በመልክ ፈጽመው ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ስለዚህ ስሙ የሚገልጠው የትውልድን ሐረግ እንጂ መልክን አይደለም። በሆላንድና በታይዋን የሚገኙ ታላላቅ አትክልተኞች የተመረጠውን ተክል በብልቃጥ ውስጥ ከሥጋው እያባዙ በብዙ ሺህ ይሸጡታል፤ በዚህም ንግድ ላይ የወላጆቹ ስም ለገዢው አይነገርም። ስሙ የተጻፈበት ወረቀት አንድ ጊዜ ከጠፋ፥ አበባውን ከሥዕል ጋር በማስተያየት ስሙን መመለስ አይቻልም።

መልክ ስለሚያመለክተው ነገር

ይሁን እንጂ መልክ ስምን ባይገልጥ ወገንን ያመለክታል። ከአበባው ስድስት ቅጠሎች ታችኛው ከሌሎቹ የተለየ ስለ ሆነ ከንፈር ይባላል፤ ተመልካቹ ከእርሱ ይጀምር።

አንደኛ፤ አበባው ትልቅና ክብ ሆኖ በረጅም ዘንግ ላይ በተርታ ቢወርድ፥ የከንፈሩም ጫፍ ሁለት ቀጫጭን ጅማት ቢያወጣ፥ አማቢሊስ ወይም አፍሮዲቴ የተባሉት ነጫጭ ወገኖች በትውልዱ እንዳሉ ያስረዳል።

ሁለተኛ፤ ቅጠሉ ብር በመሰለ ቀለም ዝንጕርጕር ቢሆን፥ ሺለሪያና ወይም ስቱዋርቲያና ከተባሉት የፊሊፒን ወገኖች የወረሰው ሳይሆን አይቀርም።

ሦስተኛ፤ አበባው ትንንሽና ብዙ፥ ዘንጉም ባለ ቅርንጫፍ ቢሆን፥ የኤኩዌስትሪስ ምልክት ነው።

አራተኛ፤ አበባው እንደ ሰም ወፍራምና የሚያብረቀርቅ፥ እንደ ኮከብ የሾለ፥ ጥቂት ጥቂት እያለ የሚፈካ ቢሆን፥ ቫዮላሲያን ወይም አምቦይኔንሲስን የመሰሉ ወገኖች አሉበት። የዚህ ዓይነቱ ዘንግ አረንጓዴ ሆኖ እስካለ ድረስ ደጋግሞ ያብባልና አይቈረጥም።

ከዚህ አልፎ የተለየ ስም መስጠት አይገባም። በመዝገብ ሥራ ላይ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው፥ ባዶ የተተወ ስፍራ ማስረጃ ሲገኝ ይሞላል፤ በሐሰት የተሞላ ስፍራ ግን ማንም አይመረምረውም። ባለቤቱ በግምት የሰጠው ስም ከቡቃያው ጋር ለጎረቤት ይተላለፋል፤ ጎረቤቱም እውነት መስሎት ለሌላው ያስተላልፈዋል። ወላጁ ያልታወቀ ተክል ልጅም በለንደኑ መዝገብ አይመዘገብም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ተክል ቍጥር ሰጥቶ የተገዛበትን ቀንና ስፍራ፥ የአበባውን ስፋት በሴንቲሜትር፥ ቀለሙን፥ የከንፈሩን ቅርጽ፥ መዓዛውንና የሚያብብበትን ወር መጻፍ፥ ፎቶግራፉንም ማያያዝ ይበቃል። በስም ስፍራም «ስሙ ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም።

በቤት ውስጥ ስለ አያያዙ

ስሙ ባይታወቅም ተክሉ የሚያስፈልገውን በሥሩና በቅጠሉ ይናገራል። በከፋ ደን በዛፍ ላይ የሚበቅሉትን ኦርኪዶች ያየ ሰው አኗኗሩን ያውቀዋል፤ ዛፉን ተደግፎ ይኖራል እንጂ የዛፉን ምግብ አይወስድም፤ ሥሩም አየር ይፈልጋል። ስለዚህ በአፈር አይተከልም። ታችኛው በተበሳ ማሰሮ ውስጥ በዛፍ ቅርፊት ስብርባሪና በጥቂት ከሰል ይተከላል፤ ቅርፊቱም ሲበሰብስ አየር ስለሚከለክል፥ በየአንድ ወይም በየሁለት ዓመቱ አበባው ካለፈ በኋላ ይለወጣል።

ይህን ተክል ከድርቀት ይልቅ የውኃ ብዛት ይገድለዋል። ሥሩ ሲደርቅ ብርማ፥ ሲርስ አረንጓዴ ነው፤ ብርማ ሲሆን አጠጡት፥ አረንጓዴ ሳለ ተዉት። ውኃው በማሰሮው ሥር አይጠራቀም። በቅጠሎቹ መካከል በሚገኘው ልብ ውስጥም ውኃ አይደር፤ ተክሉ የሚያድግበት ጫፍ አንድ ብቻ ስለ ሆነ፥ ልቡ ከበሰበሰ ብዙ ጊዜ አይድንም።

ብርሃኑ የጧት ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ይሁን፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል። ቅጠሉ እጅግ ሲጠቍር ብርሃን አንሶታል፤ ሲቀላ ወይም ቢጫ ሲሆን በዝቶበታል። ሙቀቱ በሌሊት ከ16 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባይወርድ፥ በቀንም ከ20 እስከ 28 ቢሆን ይስማማዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ስለሚበርድ፥ ሲመሽ ከመስኮቱ መስተዋት ማራቅ ያስፈልጋል። ይሁን እንጂ ለጥቂት ሳምንታት መጠነኛ ቅዝቃዜ ማግኘቱ ዘንግ እንዲያወጣ ያነሣሣዋል። ማዳበሪያውም በዕቃው ላይ ከታዘዘው መጠን እስከ ሩብ ድረስ ቀጥኖ ይሰጥ። የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው አየር እንቡጡን ያረግፋልና ሙዝ ካለበት ስፍራ ይራቅ።

በዚህ ሥርዐት የተያዘ ተክል ሁለትና ሦስት ወር የሚቈይ አበባ እየሰጠ ለብዙ ዓመት ይኖራል። በየዓመቱ ያበበበትንም ወር በመዝገቡ ላይ መጨመር ይገባል፤ ተክሉ ወደ ሌላ እጅ ባለፈ ጊዜ ተቀባዩ የሚያምነው ማስረጃ ይህ ነውና።