ስህተቱ በጎማው ደረት ላይ ይለቅ

በሰሜን ሸዋ ገጠር ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል። አንዱ ቤት ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ ሌላው ቤት እንጥል ቆራጭ ይጠራለታል። በሳምንቱ ይሻለውና ወደ ከብቶቹ ይመለሳል። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሕመሙን ያመጣው ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ ከሆነ ግን ጥቂት ልጆች ላይ መዘዙ ይከተላል። ከሁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ትኩሳት ይነሳል፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ያብጣል፤ ባክቴሪያውን ሊዋጋ የተነሳው የሰውነት መከላከያ የልብን በሮች፣ ቫልቮቹን፣ መጉዳት ይጀምራል። እብጠቱ ይጠፋል፣ የቫልቩ ጠባሳ ይቀራል። ዓመታት አልፈው ያው ልጅ ጎረምሳ ሲሆን ዳገት መውጣት ያቅተዋል፤ ሴት ከሆነች ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመሙ የሚገለጠው በእርግዝናዋ ወቅት ነው።

ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ ሕመም ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ የሆነና በጅማና በኬፕ ታውን ተማሪዎች ላይ የተሠራ ጥናት፣ ምንም ሕመም ከማይሰማቸው የጅማ ልጆች መካከል ከ1000 ወደ 30 የሚጠጉት ምልክቱ በልባቸው ላይ እንዳለ አሳይቷል። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ14 አገሮች 3343 ሕሙማንን የተከታተለው ትልቅ ጥናት ደግሞ የታማሚዎቹን መካከለኛ ዕድሜ 28 ዓመት አድርጎ መዝግቧል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከ100 ታማሚ ወደ 17 የሚሆኑት ሞተዋል። አርሰው የሚያበሉ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ የሚሞቱት።

ሕመሙን በጊዜ ለመያዝ ልቡን ማየት የሚችል ሰው ያስፈልጋል። ማዳመጫ ብቻውን አይበቃም። በካምቦዲያና በሞዛምቢክ ተማሪዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት፣ በድምፅ ሞገድ ልብን የሚያሳየው ኢኮ በማዳመጫ ከሚገኘው ዐሥር እጥፍ ያህል ሕሙማን እንደሚያገኝ አረጋግጧል። ኢኮን የሚያነሳና የሚያነብ እጅ ግን በሀገራችን በጣም ጥቂት ነው፤ አብዛኛውም ያለው አዲስ አበባ ነው። ከአንኮበሯ ጎረቤላ የተነሳ በሽተኛ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይደርሳል። እዚያ ካልተቻለ ሌላ 130 ኪሎ ሜትር ይቀረዋል።

አንኮበር ከውጭ የመጡ ሐኪሞችን ያየችው ከብዙ ቦታ ቀድማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ የሻምበል ሃሪስ ቡድን ሐኪም ይዞ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1876 በኋላም ምኒልክ በአቅራቢያዋ በልጥ ማረፊያ መሬት በሰጡት የኢጣሊያ የጂኦግራፊ ጣቢያ ዶክተር ትራቨርሲን የመሰሉ ሐኪሞች ተቀምጠዋል። ሁሉም በጊዜያቸው ሄዱ፤ የያዙት ሙያም አብሯቸው ሄደ። የልብ ሕክምናችንም ለረጅም ጊዜ መልኩ ይኸው ነበር። የሕፃናት ልብ ሐኪሙ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት መጀመሪያ ልጆችን ወደ ውጭ እየላከ ሲያሳክም ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2009 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። የሰር ማግዲ ያዕቆብ ቼይን ኦፍ ሆፕና ሌሎች የበጎ ፈቃድ ቡድኖች እየመጡ ልብ ይከፍቱ ነበር፣ ቡድኑ ሲመለስ ግን የቀዶ ሕክምናው ክፍል ጸጥ ይል፣ ወረፋው ይረዝም ነበር። ማዕከሉን ከዚህ ያወጣው ኢትዮጵያውያን ቀዶ ሐኪሞች፣ ሰመመን ሰጪዎችና ነርሶች ሠልጥነው ራሳቸው መሥራት መጀመራቸው ነው። ስለ መሣሪያ ብዙ ይባላል፤ ነገሩን የለወጠው ግን እዚሁ የቀረ እጅ ነው።

እጅ ደግሞ በንባብ አይሠለጥንም። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓሱ ስማቸውን የተሸከመላቸው ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ቀዶ ሕክምናን ለዐሥርተ ዓመታት ያስተማሩት በአሮጌው መንገድ ነው፤ ተማሪው ከመምህሩ ጎን ቆሞ ያያል፣ ይይዛል፣ ከዚያ በዓይናቸው ሥር ይሠራል። ከዚህ የተሻለ መንገድ እስካሁን አልተገኘም። ችግሩ መምህሩ አንድ፣ ሆስፒታሉ ብዙ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ችግር ይብሳል፤ ተማሪው የመጀመሪያ ስህተቱን የሚሠራው ሕያው ሰው ላይ ነው።

ሲሙሌሽን፣ ማለትም በሰው ሠራሽ አካል ወይም በኮምፒውተር ላይ መለማመድ፣ የመጣው ለዚህ ነው። የኖርዌዩ አሻንጉሊት ሠሪ አስሙንድ ላርዳል እ.ኤ.አ. በ1960 ሪሰሲ አን የተባለችውን አሻንጉሊት ሠራ። የቆመ ልብን ደረት በመጫን የማስነሳት ሙያን ዓለም የተማረው በእሷ ላይ ነው። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች፣ 30 ጊዜ ተጭኖ 2 ትንፋሽ፤ ይህን ክንድ እስኪዝል ያልደጋገመ ሰው በጭንቅ ሰዓት አያስታውሰውም። እ.ኤ.አ. በ1968 ደግሞ የማያሚ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ማይክል ጎርደን ሃርቪን አስተዋወቁ፤ ሰው ሠራሽ አካል ነው፣ የአንገቱ ሥር ይመታል፣ ደረቱ ላይ ማዳመጫ ሲያሳርፉበት የልብ ድምፅ ይሰማል። መምህሩ ቁልፍ ሲቀይር ጤነኛው ልብ የጠበበ ቫልቭ ያለው ልብ ይሆናል። ተማሪው በዕድሜው አንዴ ሊያጋጥመው የሚችለውን ሕመም በአንድ ከሰዓት በኋላ ደጋግሞ ይሰማዋል።

የኢኮ መለማመጃው ከዚህም የረቀቀ ነው። አሻንጉሊቱ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል፣ ተማሪው የውሸት መቃኛውን ከደረት አጥንቱ በስተግራ፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሳርፋል። ውስጥ ያለው መለኪያ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ያነባል። አውራ ጣት በትንሹ ዞር ሲል ስክሪኑ ላይ ልቡ አብሮ ይዞራል፤ መቃኛው ሲያዘነብል የግራው ጓዳ ይጠፋል፣ ቀና ሲል ይመለሳል። ጎን ለጎን ደግሞ የድምፅ ሞገዱ ልቡን በየት እንደቆረጠው በሥዕል ይታያል፤ ይህን ሕያው በሽተኛ ላይ ማየት አይቻልም። መምህሩ ሩማቲክ ሕመም ሲመርጥ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ የፊት ክንፍ እንደ ገና ዱላ ጫፉ ታጥፎ ይወጣል። ይህን ቅርጽ ሃምሳ ጊዜ ያየ ዓይን ከእንግዲህ አይስተውም።

ወደ ደም ሥር ሽቦ አስገብተው የተዘጋውን ለሚከፍቱ ሐኪሞችም ልምምዱ አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2004 የአንገት ደም ሥር ማስፊያን ሲፈቅድ ሐኪሞች ቀድመው በሲሙሌተር እንዲሠለጥኑ አድርጓል። በአሜሪካ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን የልብ ሐኪሞች ያሉበት ሃርት አታክ ኢትዮጵያ የተባለ ድርጅት ደግሞ ወደ ሀገራችን እየመጣ ሕክምናውን ከሥልጠና ጋር ይሰጣል።

እነዚህ ማሽኖች ውድ ናቸው፤ የብዙ ሆስፒታል በጀት አይደርስባቸውም። ይህን ሰበብ አድርጎ ልምምዱን መተው ግን ተገቢ አይደለም። ቫልቭ መስፋት የሚማሩ ቀዶ ሐኪሞች በዓለም ዙሪያ ከቄራ በመጣ የእንስሳ ልብ ላይ ይለማመዳሉ። ሰው ሠራሽ ቫልቮች ሰው ላይ ከመግባታቸው በፊት በብዛት የሚሞከሩት ደግሞ በበግ ነው፤ የልቡ ስፋት ከሰው ልብ ጋር ስለሚቀራረብ። የመንዝ በግ አገር ለሆነችው ሰሜን ሸዋ የበግ ልብ ብርቅ አይደለም። የቀረው ክር፣ መርፌ፣ ጥሩ መብራትና ቁጭ ብሎ የሚያሳይ መምህር ነው።

በኢንተርኔት የሚሰጠው ሥልጠና የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ኢኮን ማንበብ ግማሹ የዓይን ሥራ ነው፣ ዓይን ደግሞ ከሩቅ ሊሠለጥን ይችላል። ሠልጣኙ የተቀረጹ የልብ ምስሎችን በስልኩ እየከፈተ «ጤነኛ» ወይም «ሕመምተኛ» ብሎ ይፈርዳል፣ መልሱ ወዲያው ይመጣለታል፣ የሳተውን ደግሞ ያየዋል። የቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል ሐኪሞች ያዘጋጁት በስክሪን ላይ የሚዞር ልብ ለማንም በነፃ ክፍት ነው። በፊጂና በሰሜን ኡጋንዳዋ ጉሉ የልብ ሐኪም ያልሆኑ ነርሶችና ጤና ሠራተኞች በአጭር ሥልጠና ኢኮ ይዘው ትምህርት ቤቶች ገብተዋል። በብራዚል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ነርሶችና ቴክኒሻኖች ያነሱትን ምስል ርቀው የተቀመጡ ባለሙያዎች አንብበው ይመልሱላቸዋል። ነርሷ የምትጠየቀው የልብ ሐኪም እንድትሆን አይደለም፤ «ይህ ልጅ ወደ ደብረ ብርሃን ይሂድ፣ ይህኛው ይቆይ» ብላ መለየት እንድትችል ነው።

መለየቱ ምን እንደሚጠቅም በዚያው በሰሜን ኡጋንዳ የተሠራ ሌላ ጥናት በጉልህ አሳይቷል። በምርመራ ብቻ የተገኘ ገና ያልተገለጠ ሩማቲክ ሕመም ያለባቸው 818 ልጆችና ወጣቶች ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ተወጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ መርፌ ካልተወጉት 33ቱ ሲብስባቸው፣ ከተወጉት የባሰባቸው 3 ብቻ ናቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2022 ታተመ። መድኃኒቱ በዓለም ላይ ካሉት አሮጌና ርካሽ መድኃኒቶች አንዱ ነው፤ እውነተኛው ጭንቅ መርፌው የሚገባውን ልጅ ማግኘቱ ላይ ነው።

ልምምዱ የማያስተምራቸው ነገሮች አሉ። አሻንጉሊቱ አያለቅስም፣ በደብረ ብርሃን ብርድ ማለዳ ቀዝቃዛው ጄል ደረቱን ሲነካው አይሸማቀቅም፣ እናቱም «ልጄ ምን ሆነ?» ብላ ዓይን ዓይን አታይም። በሲሙሌተር የሰለጠነ ሰው ሕያው ልብ ላይ ከአዋቂ ጋር ካልሠራ ሙያው ግማሽ ነው። ኢንተርኔቱ ሲቋረጥ ትምህርቱም ይቋረጣል፤ ስለዚህ ምስሎቹ ቀድመው ስልክ ላይ የሚጫኑ መሆን አለባቸው። ከሁሉ የሚያሳስበው ሌላ ነው። ቤንዛቲን በጤና ጣቢያው መደርደሪያ ላይ ከሌለ፣ ልጁን ፈትሾ «ልብህ ታሟል» ማለት በቤተሰቡ ላይ ፍርሃት ጥሎ መሄድ ይሆናል።

አዲስ አበባ ላይ የተዘጋጀውን ስለ ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚናገር መግለጫ የአፍሪካ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ሲቀበል፣ የሕሙማን መዝገብ፣ የማይቋረጥ ፔኒሲሊን፣ ወደ ታች የወረደ የምርመራ ሙያና የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከላት አንድ ላይ እንዲሄዱ ተጠይቋል። በሀገራችን ጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው፤ ጤና ሚኒስቴርም የራሱ የኢንተርኔት ማስተማሪያ አለው። የጎረቤላ ጤና መኮንን ኢኮ ማንበብን በዚያ መንገድ ተምሮ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በስኪል ላብ፣ ማለትም በሙያ መለማመጃ ክፍል፣ አሻንጉሊት ላይ እጁን አፍታትቶ፣ ያነሳውን ምስል በዕለቱ አይቶ የሚመልስለት የልብ ሐኪም ቢመደብለት ሥራው ይጀመራል። ለዚያ ሐኪም የንባብ ሰዓቱ እንደ መደበኛ ሥራ ተቆጥሮ ሊከፈለው ይገባል፤ በበጎ ፈቃድ ብቻ የተጀመረ ምላሽ ሊቀዘቅዝ ይችላል።