የጠፋውን ታካሚ ማን ይፈልገው?

ከነሐሴ 1994 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ሚያዝያ 1996 ዓ.ም. ድረስ በሐድያ ዞን በሚገኘው የሆሳዕና ሆስፒታል 404 የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች በአንድ ጥናት ሥር ክትትል ይደረግላቸው ነበር። ሁሉም በሽታው በአክታ ምርመራ የተረጋገጠባቸው ናቸው። ከእነዚህ መካከል 81ዱ፣ ማለትም ከአምስት አንዱ፣ መድኃኒታቸውን ሳይጨርሱ አቋረጡ። ከ81ዱ ደግሞ 74ቱ የጠፉት የመጀመሪያውን የሕክምና ምዕራፍ ከጨረሱ በኋላ ነው። ሳሉ ጋብ ብሎ፣ ሰውነት ጠገን ብሎ፣ ሰው ወደ እርሻውና ወደ ገበያው በሚመለስበት ጊዜ መሆኑ ነው። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈትሹ ጎልቶ የወጣው ከቤት እስከ ሕክምናው ቦታ ያለው ርቀት ነበር። ለመድረስ መኪና መሳፈር ግድ የሆነባቸውም ይበልጥ ያቋርጡ ነበር።

ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ2007 በፕሎስ ሜዲሲን መጽሔት ያሳተሙት እስጢፋኖስ ብሩና የኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ በርንት ሊንድትዮርን ናቸው። ስማቸው በጽሑፉ አናት ላይ ሰፍሯል፤ ይገባቸዋልም። ይሁንና አንድን ታካሚ «ጠፍቷል» ለማለት መጀመሪያ የቀጠሮውን ቀን የመዘገበ ሰው መኖር አለበት። ቀበሌውን በትክክል የጻፈ፣ የመንገዱን ርዝመት የጠየቀ፣ መዝገቡን ሳይቀደድና ሳይጠፋ ያቆየ ሰው መኖር አለበት። ይህን ሁሉ ሰው የሚያሰማራ፣ የሚከፍልና የሚቆጣጠር አካል ደግሞ አለ። እዚህ የማስተዋውቀው እሱን ነው፤ በሆስፒታል ውስጥ የሚሠራ የክሊኒካል ምርምር ማዕከልንና አመራሩን።

ክሊኒካል ምርምር ማለት በላቦራቶሪ ብቻ የሚያልቅ ሳይሆን በታካሚ ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት ነው። አዲስ መድኃኒት ከነባሩ ይሻል እንደሆነ፣ ረጅሙ ሕክምና ማጠር ይችል እንደሆነ፣ ታካሚን ቀድሞ ማግኛ መንገድ አለ ወይ የሚሉ ጥያቄዎች የሚፈተኑበት ነው። በተኝቶ ማከሚያ ክፍል ሐኪሙ ፊቱ ላለው አንድ ሰው የሚበጀውን ይወስናል። በጥናት ውስጥ ግን ሐኪሙም ቢሆን አስቀድሞ ለተጻፈና ለጸደቀ ፕሮቶኮል ይገዛል። ማን ይገባል፣ ማን አይገባም፣ ደም መቼ ይወሰዳል፣ ጉዳት ቢደርስ ማን በስንት ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል፣ ሁሉም ተጽፏል። የማዕከሉ አስተዳደር ዋና ሥራ ይህ የተጻፈው በእርግጥ መፈጸሙን ማረጋገጥ ነው።

ሥልጣኑ በአንድ ሰው እጅ አይከማችም። ዋና ተመራማሪው ለሳይንሱና ለተሳታፊው ደህንነት በግል ይጠየቃል። የማዕከሉ ዳይሬክተር የሰው ኃይሉን፣ ገንዘቡን፣ ዕቃውንና ውሉን ይይዛል። የጥናት አስተባባሪው የየዕለቱን ቀጠሮ ያስኬዳል፤ የጥናት ነርሷ ተሳታፊውን ታነጋግራለች፤ ፋርማሲስቱ እያንዳንዷን ፍሬ መድኃኒት ቆጥሮ ይሰጣል፣ ቆጥሮ ይረከባል፤ የመረጃ ሠራተኛው የወረቀቱንና የኮምፒዩተሩን ቁጥር ያስተያያል። የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርዱ ከሁሉም ውጭ ሆኖ ጥናቱን ያጸድቃል፣ ሲያስፈልግም ያስቆማል። አዲስ መድኃኒት የሚሞከር ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጨመራል። እኔ እንደማምነው ዋና ተመራማሪነትና ዳይሬክተርነት በአንድ ሰው ላይ መደረብ የለባቸውም። ጥናቱ እንዲያልቅ የሚጓጓ ሰው ጥናቱ መቆም እንዳለበት የሚያሳየውን ምልክት ለማየት ይቸገራል።

ተመራማሪውን ከውጭ ሆኖ የሚቆጣጠር አካል ያስፈለገበት ምክንያት በአገራችን አንጋፋ የምርምር ተቋም ስም ውስጥ ሳይቀር አለ። አዲስ አበባ፣ አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት በ1962 ዓ.ም. በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሳሽነት ተቋቋመ። ከአለርት የለምጽ ሆስፒታል አጠገብ መሠራቱ ታስቦበት ነው፤ ታካሚውና ማይክሮስኮፑ እንዳይራራቁ። ከመጀመሪያዎቹ ዳይሬክተሮች አንዱ ቶሬ ጎዳል ኋላ የዓለም አቀፉ የክትባት ጥምረት ጋቪ የመጀመሪያ መሪ ሆኗል። ተቋሙ የተሰየመለት ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 በበርገን የለምጽን ባክቴሪያ ያገኘ ሐኪም ነው። ይኸው ታላቅ ሰው በሽታው ከሰው ወደ ሰው መተላለፉን ለማሳየት ሲል ከለምጽ ታካሚ የተወሰደ ናሙና በአንዲት ሌላ ታካሚ ዓይን ውስጥ አስገባ። ሴትየዋን አላስፈቀደም። እ.ኤ.አ. በ1880 የበርገን ፍርድ ቤት ከሆስፒታል ሐኪምነቱ አነሳው። ሳይንሱ ትክክል ነበር፤ ጥፋተኛ የሆነው ፈቃድ ባለመጠየቁ ነው። በዚያ ሆስፒታል ሐንሰንን «ቆይ» የሚለው ቦርድ አልነበረም። በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር መሠረት የሆነው የሄልሲንኪ መግለጫ የወጣው ከ84 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ነው።

ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ቅጽ ከማስፈረም ይሰፋል። በጎረቤታችን ወላይታ በትል ሳቢያ የማይመጣውን የእግር ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስን፣ ያጠኑ ተመራማሪዎች ዘረመል ለመመርመር ሲነሱ በቅድሚያ ሕዝቡን አነጋገሩ። በሽታው በዘር ይሄዳል ከተባለ ቤተሰቡ ከጋብቻ ይገለላል የሚል ስጋት ነበር። የፈቃድ አጠያየቁ ከዚያ በኋላ በአካባቢው ልክ ተዘጋጀ። ሆሳዕናም ላይ ቢሆን ቅጹ በአማርኛ መጻፉ አይበቃም። ከጊቤ ወረዳ የመጡ እናት በሀድይሳ፣ ከአንጋጫ የመጡ አባት በከምባትሳ ሰምተው፣ ጠይቀው፣ ቤት ሄደው ተማክረው መመለስ መቻል አለባቸው። ለዚህ የሚበቃ አስረጂ መቅጠርና ጊዜ መስጠት የአስተዳደሩ ድርሻ ነው።

የያኔው የሆሳዕና ሆስፒታል ዛሬ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል ተብሎ ይጠራል፤ የሐድያዋ ልዕልት፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባለቤት የነበሩት ንግሥት መታሰቢያ ነው። ከተማዋ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። የሕክምና ትምህርት አለ፣ ታካሚ አለ፣ ከ20 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የጥናት ታሪክም አለ። እንዲህ ባለ ቦታ የምርምር ማዕከል የሚመራ ሰው የአገሩን ዓመት ማወቅ ግዴታው ነው። በመስከረም የያሆዴና የመሳላ በዓላት ሲደርሱ ሰው ወደ ትውልድ ቀዬው ይጎርፋል፤ የዚያ ሳምንት ቀጠሮ ባዶ ይቀራል። በክረምት መንገዱ ይጨቀያል። ከሁሉም የሚከብደው ስደቱ ነው። ከሆሳዕና፣ ከሾኔና ከዱራሜ አካባቢ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ወጣት ብዙ ነው። ሁለት ዓመት የሚፈጅ ክትትል ያቀደ ሰው ይህን በዕቅዱ ካላስገባ ግማሽ መንገድ ላይ ተሳታፊ ያጣል፤ ከዚያም የቀሩት ቁጥሮች እውነቱን አይናገሩም።

ርቀትን ለማሸነፍ ምን ማድረግ እንደሚቻልም እዚሁ ሐድያ ተፈትኗል። 32 የገጠር ማኅበረሰቦች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ወገን የጤና ባለሙያዎች በየወሩ ወደ ሰፈር ወጥተው አክታ ይሰበስቡ ነበር፤ የሠለጠኑ የአካባቢው ሰዎችም ቤት ለቤትና ሰው በሚሰበሰብበት ሁሉ ስለ በሽታው ያስረዱ ነበር። በሌላው ወገን ታካሚው ራሱ እስኪመጣ ተጠበቀ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ። የተገኘው የታካሚ ብዛት ልዩነት እርግጠኛ የሚያሰኝ አልነበረም። ከሦስት ወር በላይ ታመው የቆዩት ግን ከተጠበቁት መካከል 63 በመቶ ሲሆኑ፣ ባለሙያ ከሄደላቸው መካከል 41 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ማለት ሰው ቶሎ ሕክምና ያገኛል፣ ቤተሰቡንም የሚያሲዝበት ጊዜ ያጥራል። እንዲህ ያለውን ጥናት የሚያስኬደው ያማረ ሐሳብ ብቻ አይደለም፤ ነዳጅ፣ የሞተር ብስክሌት ጥገና፣ በሰዓቱ የሚከፈል አበልና ለላቦራቶሪው በጊዜ የደረሰ ናሙና ነው።

ዳይሬክተሩ በጣም የሚፈተነው በገንዘቡ ነው። የጥናት ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከውጭ ይመጣል፤ የሚወጣው ግን በመንግሥት የፋይናንስና የግዥ ሥርዓት ነው። የላቦራቶሪ ኬሚካሉ ግዥ ተጓትቶ የጥናቱ ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። ጥናቱ ከመደበኛው ደመወዝ በላይ ሲከፍል ደግሞ ጎበዟ ነርስ ከተኝቶ ማከሚያው ወደ ጥናቱ ትሄዳለች። ይህ ጉዳይ ሊያሳስበን ይገባል። የጥናት ተሳታፊው ባለሙያ ሲያገኝ አጠገቡ የተኛው ታካሚ ማጣት የለበትም። ደህና ዳይሬክተር ውል ከመፈረሙ በፊት ከሜዲካል ዳይሬክተሩ ጋር ተቀምጦ ከየትኛው ክፍል ስንት ሰው እንደሚወሰድና በማን እንደሚተካ ይጽፋል። በተጨማሪም ጥናቱ ሲያልቅ ማይክሮስኮፑ፣ ጄኔሬተሩና ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚያቀዘቅዘው ፍሪዘር ለሆስፒታሉ እንደሚቀሩ፣ የመረጃው ባለቤትም ማን እንደሆነ በውሉ ላይ ያሰፍራል። ይህ ካልተጻፈ የውጭው ቡድን ሲሄድ ባዶ ክፍል ይቀራል።

ማዕከል ሲጸና ምን እንደሚያፈራ ጎንደር አሳይታለች። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር በሽታ ምርምርና ሕክምና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋቋመ። በምሥራቅ አፍሪካ የተደረገውና ጎንደርና አርባ ምንጭ የተሳተፉበት ጥናት የካላዛርን የ30 ቀን መርፌ በሁለት መድኃኒቶች ቅንጅት ወደ 17 ቀን አወረደው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀበለው። ለቀን ሠራተኛ 13 ቀን ቀድሞ ከአልጋ መነሣት ትልቅ ነገር ነው።

ለሆስፒታል ቦርዶችና ለዩኒቨርሲቲው አመራር የምለው አለ። የምርምር ማዕከል ስታቋቁሙ ከሕንፃውና ከታፔላው በፊት መዝገብ ያዡን፣ አስተባባሪውንና የሒሳብ ሠራተኛውን በቋሚነት ቅጠሩ። በበጀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይም የቀረ ታካሚ ቤት ድረስ የሚኬድበትን የመጓጓዣ ገንዘብ አስገቡ። ዳይሬክተሩን ባሳተመው ጽሑፍ ብዛት ብቻ አትመዝኑት፤ ከቀጠሮ የቀሩት ስንት እንደሆኑና ስንቱን ፈልጎ እንዳገኘ ጠይቁት።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም ለሕክምና በሄዱበት ሆስፒታል በጥናት እንዲሳተፉ ይጠየቁ ይሆናል። ጥናቱን የትኛው ቦርድ እንዳጸደቀው፣ ችግር ቢገጥምዎ በየትኛው ስልክ ማንን እንደሚያገኙ፣ በፈለጉ ጊዜ ቢወጡ ሕክምናዎ እንደማይቋረጥ ይጠይቁ። እነዚህን መጠየቅ መብትዎ ነው፤ መመለስ የማዕከሉ ግዴታ ነው። ጥርት ያለ መልስ ካላገኙ አይፈርሙ።