የከብት መኖና የሥጋ ምግብነት፤ በጐንደር ከተማና በሰሜኑ ደጋ

በጐንደር ከተማ ሥጋ እጅግ ከሚፈለግባቸው ቀኖች ዋነኛው ፋሲካ ነው። ፋሲካም ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚውል፥ የክረምቱ ሣር ከደረቀ ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ ይደርሳል። ከወገራና ከዳባት፥ ከደባርቅና ከደንብያ እየተነዳ ለገበያ የሚቀርበው በሬ እስከዚያ ቀን የኖረው፥ ባለቤቱ ለይቶ ካላደለበው በቀር፥ በገብስ ገለባ፥ በጤፍ ጭድና በተላጨ ግጦሽ ነው። እንግዲህ 55 ቀን ጾሞ የሚፈስከው ሕዝብ ሥጋን አጥብቆ በሚሻበት ጊዜ የሚያገኘው፥ መኖ ካነሰው ከብት የተገኘውን ነው። ለመስቀል የሚታረደው በሬ ግን ሦስት ወር ለምለም ሣር ጠግቦ የመጣ ነው። ይህ የወራት ልዩነት የገበያውን ዋጋ ብቻ የሚነካ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን የሥጋውንም ምግብነት በከፊል ስለሚለውጥ፥ ወረዳ የሚያስተዳድርም ሆነ ብዙ ከብት የሚያረባ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

አስቀድሞ የማይለወጠውን መለየት ያስፈልጋል። ስቡ የተለየለት ቀይ ሥጋ በ100 ግራም ውስጥ 20 ግራም የሚያህል ፕሮቲን አለው፤ ከብቱ ሣር ቢበላም ጭድ ቢበላም ይህ ልክ ብዙ አይናወጥም። ለደም የሚያስፈልገው ብረትና ለሕፃናት ዕድገት የሚረዳው ዚንክም እንዲሁ ናቸው። እንስሳ መኖ ሲያጥረው በይበልጥ የሚቀንሰው የሥጋው ብዛትና ስቡ ነውና፤ ስለዚህ የከሳ በሬ ሥጋ ምንም ጥቅም የለውም ተብሎ በገበያ የሚነገረው እውነት አይደለም። የከሳው በሬ ጉዳት ከሁሉ በፊት በሚዛን ላይ ይታያል፤ በቅርጫ የሚካፈሉት ሰዎች ያው አንድ በሬ ገዝተው መደባቸው አንሶ ያገኙታል።

የሚለወጠውስ ምንድር ነው? ይህን ለማስረዳት የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ እንዴት እንደሚሠራ በአጭሩ መናገር ግድ ነው። በጨጓራው ውስጥ በዐይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ነፍሳት ይኖራሉ፤ ሰው ሊፈጨው የማይችለውን ሣርና ጭድ የሚያፈርሱለት እነርሱ ናቸው። ለሰው ደምና ነርቭ እጅግ አስፈላጊ የሆነውን ቪታሚን ቢ 12 የሚሠሩትም እነዚሁ ነፍሳት ሲሆኑ፥ ለዚህ ሥራቸው ከመኖው ውስጥ ጥቂት ኮባልት ይሻሉ። ነፍሳቱ በደኅና ይሠሩ ዘንድ መኖው ከመቶ 7 ወይም 8 እጅ የሚያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። የገብስና የጤፍ ጭድ ግን ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 እጅ ብቻ ያለው ስለ ሆነ፥ ጭድ ብቻ የሚበላ በሬ ሆዱ ሞልቶ ሳለ ይከሳል። የደጋው ገበሬ «በሬዬ ይበላል፥ አይወፍርም» እያለ የሚቸገርበት ምክንያት አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ በመኖ የሚለወጠው በስብና በጉበት ውስጥ ያለው ነው። ለምለም ሣር ካሮቲን የሚባል ብጫ ቀለም አለው፤ የከብቱ ሰውነትም ከዚህ ቀለም ቪታሚን ኤ ይሠራና በጉበቱ ያከማቻል። ቪታሚን ኤ ያነሰው ሕፃን ዳፍንት ይይዘዋል፤ ለሌላም በሽታ የተጋለጠ ይሆናል። በመደበኛ ልክ በ100 ግራም የበሬ ጉበት ውስጥ 5000 ማይክሮግራም የሚያህል ቪታሚን ኤ ሲገኝ፥ ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን ከ700 እስከ 900 ማይክሮግራም ይበቃዋል። ስለዚህ ጥቂት ቁራሽ ጉበት ለብዙ ቀን ይተርፋል፤ እንዲያውም እርጉዝ ሴት ጉበት አዘውትራ ብትበላ ትርፉ ፅንሱን ሊጐዳ ስለሚችል ልትጠነቀቅ ይገባል። ሆኖም ጭድ ከካሮቲን ባዶ የሆነ ያህል ነው፤ ብዙ ወር አረንጓዴ ያልቀመሰ ከብት በክረምት ያከማቸውን እየበላ ስለሚጨርስ፥ በሚያዝያ የሚታረደው ጉበት በጥቅምት ከሚታረደው በብዙ ሊያንስ ይችላል። ቪታሚን ኢ የሚባለውም ከለምለም ሣር የሚገኝ ስለ ሆነ በዚሁ ዐይነት ከወራት ጋር ይወጣል ይወርዳል።

ሣር የበላ በሬ ሞራው ብጫ መሆኑ ከዚሁ ከካሮቲን የመጣ ነው። በከተማ ብጫ ስብ ያየ ገዥ ሁሉ «ያረጀ ነው» ብሎ ይሸሻል፤ በእርግጥ ያረጀ ላም ስቧ ይበልጥ ብጫ ይሆናል፥ ነገር ግን ብጫ ሁሉ እርጅና አይደለም። በግና ፍየል ካሮቲኑን ፈጽመው ስለሚለውጡት ያንኑ ሣር በልተው ስባቸው ነጭ ነው። የቄራ መርማሪ ሊፈራው የሚገባው ብጫነት ስቡን አልፎ ጅማቱንና የዐይኑን ነጭ የያዘ እንደ ሆነ ነው፤ ያ የጉበት በሽታ ምልክት ነውና።

በሣር የኖረ ከብት ሥጋ ለልብ ይጠቅማል የሚባለው ኦሜጋ 3 የተሰኘ ስብ ይበዛበታል፤ እህልና ፋጉሎ የሚበላው ደግሞ በጠቅላላው ስቡ ይበዛል። ይህ እውነት ቢሆንም በፈረንጅ አገር እንደሚነገረው ያህል ለደጋው ሕዝብ ትልቅ ጉዳይ አይደለም። የጨጓራው ነፍሳት ከሣሩ ቅባት አብዛኛውን ወደ ጠጣር ስብ ስለሚለውጡት በሥጋው ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ነው፤ በጾም ወራት በየቤቱ የሚጠጣው ተልባ ከዚህ ዐይነቱ ስብ ከሥጋው እጅግ የበለጠ ይይዛል።

ለፋሲካ ሰንጋ የሚያደልቡ ሰዎች በጐንደር ዙሪያ የጠላና የአረቄ አተላ፥ ፉርሽካ፥ የኑግ ፋጉሎ፥ እንዲሁም ከዳሽን ቢራ ፋብሪካ የሚወጣውን የብቅል ተረፈ ምርት ይጠቀማሉ። ከመቶ 30 እጅ የሚያህል ፕሮቲን ያለው የኑግ ፋጉሎ በጥቂቱ ከጭድ ጋር ሲሰጥ የጨጓራውን ነፍሳት ያበረታቸዋል፤ ሥጋውም ይበዛል፥ ይለሰልሳል። ነገር ግን ከእነዚህ ሁሉ ካሮቲን የሚባል የለም ማለት ይቻላል። የደለበው ሰንጋ በስብ ከብዶ ሳለ ጉበቱ የደኸየ ሊሆን ይችላል። በውኃ ዳር የሚለማ አልፋልፋ፥ በደጋውም ብርድ የሚችል ትሪሉሰርን በየቀኑ ጥቂት እፍኝ ቢጨመርለት ጉድለቱ ይሞላል።

ፋጉሎ የሚገዛ ሰው ሌላም ነገር ይመልከት። ፋጉሎ በርጥብ ቦታ ሲከማች ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ይወጣል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2016 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፥ በአዲስ አበባ ዙሪያ ለሚታለቡ ላሞች ከሚሰጠው መኖ ውስጥ መርዙ በብዛት የተገኘው በኑግ ፋጉሎ ነው፤ ከመኖውም ወደ ወተቱ ተላልፎ ታይቷል። ስለዚህ መጋዘኑ ደረቅ ወለል ያለውና ነፋስ የሚገባበት መሆኑን መመርመር ለወረዳው የእርሻ ሠራተኛ የሚሰጥ ሥራ ነው።

የግጦሹ ስፍራም እንደ መኖው ሁሉ ምግብነትን ይለውጣል። በደንብያ ሜዳና በጣና ዳር ርጥብ ሣር የሚግጡ ከብቶች የጉበት ትል ይይዛቸዋል፤ ትሉ በረግረግ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ አድጎ ከሣሩ ላይ ይጣበቃልና። በጐንደር ቄራ ትል የተገኘበት ጉበት በምርመራ እየተለየ ይጣላል። እንዲህ ከሆነ ቪታሚኑ የተከማቸበት ብልት ወደ ሕዝቡ ሳይደርስ ይቀራል፤ በየመንደሩ በቅርጫ የሚታረደው ግን መርማሪ ስለማያየው ባለቤቶቹ ራሳቸው ቈርጠው ካልጣሉት ለዱለት ይቀርባል። ረግረጉን በአጥር መከለል፥ ከብቱን በእንስሳት ሐኪም ምክር በጊዜው ማከም፥ ውኃ የማይቆምበትን ሜዳ ለግጦሽ መለየት ይቻላል። ኮሶም ቢሆን ከብቱን የሚይዘው ሰው የተጸዳዳበትን ሣር ሲግጥ ነው፤ የመጸዳጃ ቤት ነገር የጤና ሠራተኛ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ አግባብ አይደለም።

ለሚያዝያ የሚሆነው መኖ የሚወሰነው ግን በጥቅምት ነው። ሣር አበባ ሲያወጣ ከታጨደ ፕሮቲኑም ካሮቲኑም ገና አለ፤ ዘሩን እስኪያራግፍ ከቈየ ፕሮቲኑ ወደ ግማሽ ይወርዳል፥ ብዙ ቀን በፀሐይ ሲሰጣም ካሮቲኑ ይጠፋል። የደጋው ገበሬ አጨዳውን የሚያዘገየው ባለማወቅ ብቻ አይደለም፤ ሣሩ በሚደርስበት ጊዜ የገብሱ አጨዳም ስለሚጠራው፥ ሰውም ጊዜም ያጥረዋል። የጋራ ግጦሽ ባለባቸው ቀበሌዎችም መሬቱ ካልተከለለ ቀድሞ የነዳ ስለሚያስግጠው ማንም ለድርቆሽ አይጠብቅም። ስለዚህ አስተዳዳሪው ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ከሽማግሌዎች ጋር ተመካክሮ ከጋራው ግጦሽ ጥቂቱን ያስከልል፤ በጥቅምትም መንደሩ በደቦ ወጥቶ ሣሩን በሁለት ሦስት ቀን እንዲያጭደው፥ ከደረቀም በኋላ ሳይውል ሳያድር ከዝናብና ከፀሐይ በሚጋርድ ዳስ ሥር እንዲከመር ያድርግ። የሚታለቡት ላሞችና ለፋሲካ የሚታሰሩት ሰንጎች ከዚህ ክምር በቅድሚያ ይሰጣቸዋል፤ የቀረው ጭድ ለሌሎቹ ይበቃል።