ቀጠሮ የማይጠብቅ በሽታ፦ ኮቪድና የማህፀን በር ካንሰር በምሥራቅ ጎጃም

ኮቪድ-19 ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳርና እንጅባራን ጨምሮ ጥቂት የአማራ ክልል ከተሞች ለ14 ቀን ተዘጉ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መኪና ሲገኝም የመቀመጫውን ግማሽ ብቻ ጭኖ ነበር፣ ታሪፉም ጨምሯል። በምሥራቅ ጎጃም ለሮብ ገበያ፣ ለቢቸናና ለሞጣ ከተሞች ሰው ነገሩ በአብዛኛው የገበያ፣ የሠርግና የለቅሶ ጉዳይ ነበር። ደጀንን አልፋ፣ ዓባይን ተሻግራ አዲስ አበባ የጨረር ቀጠሮ ላላት ሴት ግን የነፍስ ጉዳይ ነው።

የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ የኢትዮጵያን ሴቶች በብዛት የሚያጠቃ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በፈረንጆቹ 2020 በአገሪቱ 7,445 ሴቶች እንደሚያዙና 5,338 እንደሚሞቱ ገምቶ ነበር። ቀድሞ ከተገኘ በሚድን በሽታ ይህን ያህል ሞት መኖሩ አብዛኞቹ ዘግይተው እንደሚመጡ ይናገራል። አንዲት ሴት ደም ሲፈሳት መጀመሪያ ዝም ትላለች፣ ቀጥሎ ፀበል ትሄዳለች፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር። ይህ ሁሉ ኮቪድ ከመምጣቱ በፊትም ነበር፤ ወረርሽኙ የነበረውን መዘግየት አረዘመው።

መዘግየት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ፣ ኤችፒቪ፣ ጤናማ ሴትን ወደ ካንሰር ለማድረስ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ዓመት ይወስድበታል፤ ኤችአይቪ በደሟ ላለባት ያጥራል። ስለዚህ በኮምጣጤ መሰል አሲድ የሚደረገው የቅድመ ካንሰር ምርመራ ለጥቂት ወር ቢተላለፍ ብቻውን አይገድልም። በወረርሽኙ ወቅት በየአገሩ ሐኪሞች «ምርመራው ይቆይ፣ ደም የሚፈሳት ትምጣ» ያሉት ለዚህ ነው። ስሌቱ ትክክል ነው፤ የሚሠራው ግን የቀረችውን ሴት መልሶ የሚጠራ መዝገብና ስልክ ባለበት ነው። አንዴ ከበር የተመለሰች የገጠር ሴት ሁለተኛ የምትመጣው ሲብስባት ነው።

ጨረሩ ደግሞ ጭራሽ አይተላለፍም። በሽታው ከተስፋፋ ዋናው ሕክምና ከኬሞ ጋር የሚሰጥ ጨረር ነው፦ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአምስት ሳምንት ያህል፣ ከዚያም ከውስጥ የሚሰጠው ጨረር። ሁሉም ባንድ ላይ በስምንት ሳምንት ማለቅ አለበት። መሐል ላይ ቀን በተቋረጠ ቁጥር የመዳን ዕድል ይቀንሳል፣ ዕጢው በዕረፍቱ ጊዜ መልሶ ስለሚያድግ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ነበር፤ ወረፋው በወራት የሚቆጠር። ከቢቸና የመጣች ሴት ሁለት ወር ያህል አዲስ አበባ ላይ ማደሪያ፣ ምግብና አስታማሚ ሊኖራት ይገባል። እንደ ማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ያሉ ማኅበራት ማደሪያ የሚሰጡት ያለ ምክንያት አይደለም። በእኔ እይታ የወረርሽኙ ዋና ጉዳት የታየው ሐኪም ቤቱ ውስጥ ሳይሆን እዚህ፣ በትራንስፖርቱና በማደሪያው መሐል ነው። በሆስፒታል ስታቲስቲክስ ላይ ግን «ሕክምና አቋረጠች» ተብሎ ይጻፋል፤ ለምን እንዳቋረጠች አይጻፍም።

ክትባቱም ከዚሁ አልራቀም። ኢትዮጵያ የኤችፒቪ ክትባትን በ2011 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የጀመረችው በዋናነት በትምህርት ቤት ነው፤ መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆቹን ባንድ ቦታ ማግኘት አስቸገረ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚያው ወረርሽኝ መሐል፣ ኅዳር 2013፣ በሽታውን የማጥፋት ዓለም አቀፍ ስትራቴጂ አወጣ፦ እስከ 2030 (እ.ኤ.አ.) ከልጃገረዶች 90 በመቶው ይከተቡ፣ ከሴቶች 70 በመቶው ይመርመሩ፣ ከታመሙት 90 በመቶው ይታከሙ። ቆይቶም አንድ መርፌ እንደሚበቃ ተቀበለ።

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ፣ ከ2015 ክረምት ጀምሮ፣ በክልሉ ግጭት መንገዱ እንደገና ተቋረጠ። መፍትሔው ግን በሁለቱም ጊዜ ያው ነው፦ ሴትዮዋ ወደ ምርመራው ከምትጓዝ ምርመራው ወደ እሷ ቢጓዝ። በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ሴት ራሷ በቤቷ ናሙና ወስዳ ልትሰጥ ትችላለች፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም። ዛሬ የተከተበች ልጅ የክትባቱን ጥቅም የምታየው ካደገች በኋላ ነው። ለታመመች እናቷ ግን የሚያስፈልገው ከደብረ ማርቆስ ወይም ከባሕር ዳር ያልራቀ የጨረር ማሽን ነው።