ፍሬኑ የሚስተካከለው በየብስ ነው



ለዓመታት ክፍል ውስጥ ያስተማርኩትን የፊዚክስ ትምህርት፣ ባሕር ላይ አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያረመኝን ቀን ላጫውታችሁ። ነገሩ ተራ መዝናኛ ቢመስልም የልጅ ሕይወት አደጋ ላይ የወደቀበት ስለነበር፣ ወላጆችም ወጣቶችም አንድ ቁም ነገር ታገኙበታላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

በ2015 ዓ.ም. የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ላይ በተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች፣ በፉጀይራ ከተማ የሚኖረውን ታላቅ ወንድሜን ልዘይር ሄጄ ነበር። ፉጀይራ ከጀርባዋ የሐጀር ተራሮች፣ ከፊቷ የዖማን ባሕረ ሰላጤ ያለባት አገር ናት። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ከባሕሩ ዳር ብዙ ሳይራቅ ዐረቦቹ «ከንዓድ» የሚሉት ዓሣ ይያዛል። ከንዓድ ሰውነቱ ረዘም ያለ፣ ጎኑ ሸንተረር ያለበት፣ ጥርሱ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ፈጣን አዳኝ ነው፤ ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝምም አለ።

ወንድሜና ልጁ ይህን ዓሣ የሚያጠምዱት በካያክ ነው። ካያክ ሞተር የሌላት፣ በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ የፕላስቲክ ታንኳ ናት። በመጀመሪያ በጥቃቅን መንጠቆ ሰርዲንና የመሳሰሉትን ትናንሽ ዓሦች ይይዛሉ። ከዚያም አንዱን ከነሕይወቱ በመንጠቆ ላይ አድርገው ከካያኳ ኋላ በቀስታ ይጎትቱታል። ክሩ የተጠቀለለበት መዘውር በውስጡ ተደራርበው የሚፋተጉ ክብ ዝርግ ቀለበቶች አሉት፤ ይኸውም የመዘውሩ ፍሬን ነው። ቀለበቶቹ ሲላሉ ዓሣው ክሩን እንደልቡ ይዞ ይሮጣል፤ ሲጠብቁ ይይዙታል።

«አጎቴ፣ አታጥብቀው!»

ቅዳሜ ከፈጅር ሰላት በኋላ ተነሣን። ወንድሜ ፍሬኑን ራሱ አስተካክሎ «ይህን እንዳትነካ» ብሎ ዘንጉን ሰጠኝና በራሱ ካያክ ቀደመን። እኔና ልጁ በሁለት ሰው ካያክ ተከተልን፤ ልጁ ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንደቀዘፍን መዘውሩ በድንገት ጮኸ። ክሩ ይተረተር ጀመር። ዘንጉን ከማቆሚያው ነጥቄ ያዝሁ። ክሩ ሲሳሳ፣ ሲሳሳ ባየሁ ጊዜ «ሊያልቅ ነው!» አልኩና እጄን ወደ ፍሬኑ ሰደድሁ።

«አጎቴ፣ ተወው ይሩጥ! አታጥብቀው!» አለ ልጁ።

እኔ ግን አስተማሪ ነኝ፤ እርሱ ተማሪ። አጠበቅሁት። ዓሣው በዚያው ቅጽበት ወደ ጎን ታጠፈ፤ ዘንጉ በካያኳ ጎን ተለመጠ፤ እኔም ዘንጉን ተከትዬ ዘመም አልኩ። ክሩ ሲበጠስና እኛ ስንገለበጥ አንድ ላይ ሆነ። ከውኃው ብቅ ስል በመጀመሪያ የፈለግሁት ልጁን ነበር። ለጥቂት ጊዜ አላየሁትም። ያችን ጥቂት ጊዜ እስከ ዛሬ አልረሳትም። አልሐምዱሊላህ፣ የነፍስ አድን ሰደርያ ለብሶ ነበርና ከካያኳ ወዲያ ማዶ ብቅ ብሎ አገኘሁት። ወንድሜ ደርሶ አወጣን። አንዲት የቁጣ ቃል አልተናገረኝም፤ ቢናገረኝ ይሻለኝ ነበር።

ማታ በሰገነቱ ላይ

ያን ዕለት ከዒሻ በኋላ ልጁ ሌላ መዘውርና አንድ ባለሞላ ሚዛን ይዞ መጣ። «አጎቴ፣ ክሩ ሲያልቅ ለምን እንደሚከብድ አስረዳኝ» አለኝ። እስካሪብቶ አነሣሁ። መልሱ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሚከብድ አልነበረም።

ፍሬኑ የሚይዘው የመዘውሩን መዞር ነው። የመዞር ጉልበት ደግሞ ኀይል ሲባዛ ከመሐል ያለው ርቀት ነው። መዘውሩ በክር ሙሉ ሳለ ከመሐል እስከ ክሩ ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና ፍሬኑ በ2 ኪሎ እንዲለቅ ቢስተካከል፣ ዓሣው ሮጦ ጥቅልሉ ወደ 1.5 ሳንቲ ሜትር ሲቀንስ ያው ፍሬን ማንም ሳይነካው 4 ኪሎ ይሆናል። በውኃ ውስጥ የተዘረጋው ረዥም ክር ራሱ ክብደት ይጨምራል። ቋጠሮ ያለበት ክር ደግሞ ከሌላው ቦታው ይልቅ በቋጠሮው ይደክማል። እንግዲህ እኔ ያጠበቅሁት በራሱ ጊዜ እጥፍ የሆነውን ፍሬን ነበር ማለት ነው! ትምህርቱን አውቀው ነበር፤ በጭንቅ ሰዓት ግን እጄ የታዘዘው ለዕውቀቴ ሳይሆን ለፍርሃቴ ነው።

እንዴት ይስተካከላል?

አንደኛ፤ ፍሬኑ የሚስተካከለው ከመነሣት በፊት በየብስ ላይ ነው። ክሩን በዘንጉ ቀለበቶች አሳልፎ ከሚዛኑ ጋር ማሰርና በቀስታ መጎተት ነው። ለብዙ ዓይነት አጠማመድ ክሩ ከሚችለው ክብደት ከአራት አንዱ እስከ ሦስት አንዱ ድረስ ይበቃል። በሕያው ማባበያ ግን መንጠቆዎቹ ትናንሽ ስለሆኑ ከዚያም ያነሰ ነው፤ 10 ኪሎ ለሚችል ክር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ ይበቃዋል። የተገኘውን ቦታ በቀለም ምልክት ማድረግ ይጠቅማል።

ሁለተኛ፤ ማባበያው ሲጎተት ፍሬኑ ከምልክቱም በታች ይላላል፤ ውኃው ክሩን እንዳይስበው ያህል ብቻ፤ የመዘውሩ ማንቂያም ይከፈታል። ማባበያው ከ20 እስከ 30 ሜትር ኋላ ይሁን። አቀዛዘፉም ከእግረኛ እርምጃ የቀዘቀዘ ይሁን፤ ፈጥነው ከጎተቱት ትንሹ ዓሣ ይሞታል። ለከንዓድ ጥርስ ደግሞ በመንጠቆውና በክሩ መካከል አጭር የብረት ሽቦ ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፤ ዓሣው ሲይዝ መጀመሪያ ይሩጥ። ከዚያ ፍሬኑን እስከ ምልክቱ ብቻ ከፍ ማድረግና የካያኳን አፍንጫ ወደ ዓሣው ማዞር ነው። ካያኳ ተከትላው ስትሄድ እርሷም ሌላ ፍሬን ትሆናለች። ክሩ በጎን በኩል ሲወጠር ግን ትገለብጣለች።

አራተኛ፤ ክሩ ብዙ ሲወጣ መላላት እንጂ መጥበቅ የለበትም። ክሩን መመለስ የሚቻለው ወደ ዓሣው በመቅዘፍ ነው።

አምስተኛ፤ የነፍስ አድን ሰደርያ ሳይለብሱ፣ ፉጨትና ቢላ ሳይዙ፣ የብስ ላይ ላለ ሰው ሳይናገሩ፣ ብቻን መውጣት አይገባም። ተወኩል ሰበቡን ካደረሱ በኋላ ነው። ሲመለሱም መዘውሩን በንጹሕ ውኃ አጥቦ ፍሬኑን ፈጽሞ ማላላት ነው፤ ተጨቁኖ ያደረ ፍሬን በሚቀጥለው ጊዜ እየተንቀጠቀጠ ይለቃል።

ስለ ሕያዋኑ

በዲናችን ለእንስሳት ማዘን ግዴታችን ነውና ማባበያ የምናደርጋቸውን ትናንሽ ዓሦች ያለ ልክ መያዝና ያለ ውኃ ማሰቃየት አይገባም። በሕያው ማባበያ መጠቀም ልቡን የሚከብደው ሰው ዓሊሞቹን ይጠይቅ፤ የሞተ ዓሣም ይሠራል። የአገሩን ሕግ ማክበርም የአማና ጉዳይ ነው። በኤምሬቶች ለመዝናኛ ለሚያጠምድ ፈቃድ ማውጣት ግድ ሲሆን፣ በጎረቤት ዖማን ከንዓድ በሚራባበት ወቅት፣ ከኦገስት 15 እስከ ኦክቶበር 15 ድረስ፣ ማጥመዱ የተከለከለ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ወጣን። ወንድሜ ልጁን ለእኔ ዳግም ማመኑ ራሱ ገርሞኛል። በዚህ ጊዜ ግን ከፊት የተቀመጥሁት እኔ ነኝ፤ ዘንጉ በልጁ እጅ ነበር። መዘውሩ ጮኸ፤ ክሩ ተተረተረ፤ ጥቅልሉ ሳሳ። ልጁ ፍሬኑን ጥቂት አላላና «አጎቴ፣ ቅዘፍ!» አለኝ። ቃል ሳልናገር ቀዘፍሁ። ያን ዕለት ማታ ከንዓዱ በሩዝ ተሠርቶ ለጎረቤት ሁሉ ደረሰ።