ያለ ምስማር የሚቆም ሳጥን

ሲኒ ማስቀመጫ የሚሆን ትንሽ የእንጨት ሳጥን ለመሥራት መጋዝም ምስማርም የማይፈልግ መንገድ አለ፦ የሌዘር መቁረጫ። ባለ 3 ሚሊሜትር ኮምፔርሳቶ ማሽኑ ላይ ይዘረጋል፤ አራቱ ጎኖች፣ ወለሉና ክዳኑ ከአንዱ ገበታ ላይ ተቆርጠው ይወጣሉ። የጎኖቹና የወለሉ ጠርዝ ጥርስ ስላለው አንዱ ሌላው ውስጥ ይሰካል።

እንጨቱን የሚቆርጠው ዓይን የማያየው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ብርሃን ነው። ይህን ሌዘር እ.ኤ.አ. በ1964 የሠራው በአሜሪካው ቤል ላብራቶሪ የነበረው የህንድ ተወላጅ ኩማር ፓቴል ነው። ጨረሩ 10.6 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አለው፤ እንጨት ደግሞ ይህን ጨረር አጥብቆ ይመጠዋል። ሌንሱ በጠባብ ነጥብ ላይ ሲሰበስበው ያረፈበት እንጨት ተቃጥሎ ይተናል፤ ከጎኑ የሚነፋው አየር ጭሱን ይገፋል።

ሳጥኑ የሚያምረው ወይም የሚላላው ግን እዚህ ላይ ነው፦ ብርሃኑ ራሱ እንጨት ይበላል። የሚበላው 0.15 ሚሊሜትር ነው እንበል። 10 ሚሊሜትር ተብሎ የተሳለ ጥርስ 9.85 ሆኖ ይወጣል፤ የሚገባበት ቀዳዳም ወደ 10.15 ይሰፋል። ልዩነቱ 0.30 ሚሊሜትር ነው፤ ለዓይን ምንም አይመስልም፣ ሳጥኑን ግን ያወላውለዋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ክፍል የውጭ መስመር ማሽኑ ከሚበላው በግማሽ ያህል፣ ማለትም በ0.075 ሚሊሜትር፣ ወደ ውጭ ተገፍቶ ይሳላል።

ማሽኑ ምን ያህል እንደሚበላ ለማወቅ ግምት አያስፈልግም። 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ ሳሉና ለ10 እኩል አስቆርጡት። ቁርጥራጮቹን አጥብቃችሁ ደርድሩና በካሊፐር ለኩ። 98.5 ከሆነ የጎደለውን 1.5 ለ10 አካፍሉት። የኮምፔርሳቶውንም ውፍረት እንዲሁ ለኩ፤ 3 ተብሎ የተገዛው ብዙ ጊዜ 3 አይደለም፣ የጥርሱ ርዝመት ደግሞ ከውፍረቱ ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህን ለክቶ የጀመረ ሰው እንጨት አያባክንም።

ማሽኑ እየሠራ ትቶ መሄድ ፈጽሞ አይገባም፤ እንጨት እሳት ይይዛል። ፒቪሲ ፕላስቲክም አይቆረጥበትም፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባንም ማሽኑንም ይጎዳል።

ጥርሶቹ ላይ ስስ ኮላ ቀብቶ በጎማ መዶሻ ቀስ እያሉ ማስገባት ነው። ክዳኑ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ከሳጥኑ አፍ ትንሽ ያነሰ ቁራጭ ይለጠፍበታል። ጠርዙ ላይ የሚቀረውን ጥቁር ቃጠሎ ብዙዎች በብርጭቆ ወረቀት ያጠፉታል፤ እኔ ግን ከውጭ በኩል እተወዋለሁ፣ የጥርሱን ሰልፍ እንደ ጥልፍ ስለሚያወጣው። ውስጡን ብቻ ፍቄ ጨርቅ አለብሰዋለሁ፣ ጥላሸቱ ነጩን ሲኒ እንዳይነካ።